ሽያጩ አድጎ ገንዘቡ ለምን ይጎድላል?

ጥያቄ፦ «እኔና ባለቤቴ 18 የወተት ላሞች አሉን፤ በአሁኑ ወቅት የሚታለቡት 12ቱ ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት ወተቱን በጥሬው መሸጥ ትተን አነስተኛ ማቀነባበሪያ ከፈትንና እርጎ፣ ቅቤና ጠጣር አይብ ማምረት ጀመርን። ምርታችን ይወደዳል፤ ሽያጫችንም በሁለት ዓመት ውስጥ እጥፍ ሆኗል። ይሁን እንጂ ወር በገባ ቁጥር የመኖ ዕዳ መክፈል ያቅተናል። አሁን ደግሞ ከእርጎአችን ግማሽ ያህሉን የሚወስድ አንድ ትልቅ ገዢ ዋጋውን በ10 በመቶ እንድንቀንስለትና ሂሳቡን በ45 ቀን እንዲከፍል እንድንፈቅድለት ጠይቆናል፤ ይህን ካደረግን የሚወስደውን መጠን እንደሚጨምር ነግሮናል። ባለቤቴ ተበድረን 10 ላሞችና ትልቅ ማሽን እንግዛ ይላሉ። እኔ ማቀነባበሪያውን ዘግተን ወደ ጥሬ ወተት ሽያጭ እንመለስ እላለሁ። በዚህ ጉዳይ የቤታችን ሰላም ደፍርሷል። የማንኛችን ሐሳብ ይሻላል?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የላሞቹ ቁጥር፣ የሽያጩ እድገትና የገዢው ጥያቄ በግልጽ ተጽፈዋል፤ ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚፈስ የሚያሳይ ቁጥር ግን አላገኘሁም። ስለዚህ ለእርስዎም ሆነ ለባለቤትዎ አሁኑኑ ብፈርድ በግምት መፍረድ ይሆንብኛል። ቁጥሩ የጠፋው በእናንተ ስንፍና እንዳልሆነም ይገባኛል። ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ መዝገብና በአንድ ኪስ የሚይዝ ቤተሰብ፣ የቱንም ያህል ታታሪ ቢሆን፣ ይህን ቁጥር ሊያገኘው አይችልም።

የእናንተ ቤት ሁለት ድርጅቶች አሉበት። አንደኛው መኖን ወደ ወተት የሚለውጠው የከብት እርባታ ነው፤ ትርፍና ኪሳራው የሚወሰነው በመኖ ዋጋ፣ በላሞቹ ጤንነትና በርቢያቸው ነው። ሁለተኛው ወተትን ወደ ሸቀጥ የሚለውጠው ማቀነባበሪያ ነው፤ የእሱ ዕጣ የሚወሰነው ደግሞ በምርቱ ዓይነት፣ በብክነት፣ በማሸጊያና በገዢዎች አከፋፈል ነው። ሁለቱ በአንድ መዝገብ ሲያዙ የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት እየሸፈነ ይቀጥላል፤ በመጨረሻም የትኛው የትኛውን እየመገበ እንደሆነ ሳይታወቅ የመኖው ዕዳ ብቻ ይቀራል።

ስለሆነም ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ አንሥቶ እርባታው ወተቱን ለማቀነባበሪያው እንደሚሸጥ አድርጋችሁ መዝግቡ። ጠዋትና ማታ የታለበው ወተት ይለካና በዕለቱ የበር ዋጋ፣ ማለትም ሌላ ገዢ እዚያው በራችሁ ላይ ቆሞ ለጥሬው ወተት በሚከፍለው ዋጋ፣ በእርባታው መዝገብ ገቢ፣ በማቀነባበሪያው መዝገብ ደግሞ ወጪ ሆኖ ይጻፍ። ብዙዎች በዚህ ቦታ ወተቱን በወጣበት ወጪ ማስላት ይቀናቸዋል፤ ነገር ግን እንዲህ ከተደረገ የእርባታው ድክመት ሳይታይ ወደ እርጎው ዋጋ ይሻገራል፣ ማቀነባበሪያውም ያላጠፋውን ጥፋት ይሸከማል። የበር ዋጋው ዳኛ የሚሆነው ከሁለቱም ወገን ውጭ ስለተወሰነ ነው።

በእርባታው መዝገብ ላይ መኖውን፣ የሕክምናና የማዳቀያ ወጪውን፣ የአላቢዎቹን ደመወዝ፣ እንዲሁም እየጃጁ የሚሄዱትን ላሞች ለመተካት መቀመጥ ያለበትን ገንዘብ አስፍሩ። ጥጆቹ የሚጠጡትና ቤተሰቡ የሚጠቀምበት ወተትም ወተት ነውና ይለካ። የራሳችሁንም ድካም አትርሱ። እርስዎ በማቀነባበሪያው ውስጥ ሙሉ ቀን የሚሠሩ ከሆነ ለዚያ ሥራ ሌላ ሰው ቢቀጥሩ ይከፍሉት የነበረው ደመወዝ በወጪነት መጻፍ አለበት። ይህን ሳይጽፉ ትርፍ አገኘን የሚሉ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ ትርፍ የሚሉት ያልተከፈላቸውን የራሳቸውን ደመወዝ ነው።

ይህን ለሦስት ወራት ብትይዙ የእርስዎና የባለቤትዎ ክርክር ከሐሳብ ወደ ቁጥር ይወርዳል። እርባታው በበር ዋጋ ሸጦ እየከሰረ ከተገኘ 10 ላም መጨመር ኪሳራውን ማብዛት ነው፤ ማቀነባበሪያውን መዝጋትም አያድነውም፤ ምክንያቱም ጥሬ ወተት ብቻ መሸጥ ማለት በዚያው በሚያከስረው ዋጋ መቀጠል ነው። እርባታው አትርፎ ማቀነባበሪያው ከከሰረ የእርስዎ ሐሳብ ክብደት ያገኛል፤ ሆኖም ከመዝጋት በፊት ከሦስቱ ምርቶች የትኛው እንዳከሰረው መመርመር ያስፈልጋል። ሁለቱም አትርፈው ገንዘቡ አሁንም የሚጎድል ከሆነ ደግሞ ችግሩ ያለው በአከፋፈል ጊዜው ላይ ነው፤ እኔም ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ቢያንስ የችግሩ አንድ ክፍል እዚያ ያለ ይመስለኛል።

ወደ ምርቶቹ ልምጣ። እዚህ ላይ እኔ ራሴ የተሳሳትኩበት ነገር ስላለ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ። አንድ ማቀነባበሪያ በማስተዳድርበት ዘመን ትርፍን የማሰላው በኪሎ ነበር፤ አንድ ኪሎ አይብ ከአንድ ኪሎ እርጎ ብዙ እጥፍ ስለሚያስገኝ ወተቱን ሁሉ ወደ አይቡ ሳዞር ሁለት ዓመት ያህል ቆየሁ። ያልገባኝ ነገር፣ በማቀነባበሪያው ውስጥ የሚያጥረው ኪሎ ሳይሆን የወተት ሊትር መሆኑ ነበር። የላም ወተት 87 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው፤ ጠጣር አይብ የሚሠራው አብዛኛው ውኃ በአጓት መልክ ከወጣ በኋላ ስለሆነ ለአንድ ኪሎ አይብ 10 ሊትር ያህል ወተት ይሄዳል። እርጎ ግን ካልጠለለ በቀር ከሞላ ጎደል ሊትሩን በሊትር ይመልሳል።

ስሌቱን ለመረዳት እንዲቀልል የአንድ ሊትር ወተት የበር ዋጋ 10 ነው እንበል። ከአንድ ሊትር ወተት የወጣው እርጎ በ16 ቢሸጥ፣ ለእርሾ፣ ለነዳጅ፣ ለማሸጊያና ለሠራተኛ 3.5 ቢወጣ፣ በሊትር 2.5 ይተርፋል። አንድ ኪሎ አይብ ደግሞ በ150 ቢሸጥ፣ የ10 ሊትር ወተት ዋጋ 100፣ ሌላው ወጪ 35 ቢሆን፣ በኪሎ 15 ይተርፋል። በኪሎ ሲታይ 15 ከ2.5 ስድስት እጥፍ ነው፤ በወተቱ ሲካፈል ግን አይቡ ለአንድ ሊትር የሚያስገኘው 1.5 ብቻ ነው። በዚያ ላይ እርጎው በሳምንት ውስጥ ወደ ገንዘብ ሲለወጥ አይቡ ለወራት መደርደሪያ ላይ እየበሰለ ገንዘባችሁን አስሮ ይቆያል። እነዚህን ቁጥሮች ለምሳሌነት ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝና በእናንተ ቤት ውጤቱ ተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ነገር ሦስቱንም ምርቶች በሊትር ወተት አካፍላችሁ እንድታወዳድሩና ከትርፉ ጎን ገንዘቡ የሚመለስበትን ቀን እንድትጽፉ ነው።

ቅቤው ለብቻው መታየት አለበት። 4 በመቶ ቅባት ካለው 100 ሊትር ወተት የሚገኘው ቅቤ ከ5 ኪሎ አይበልጥም፤ ቅባቱ የወጣለት ከ90 ሊትር በላይ ወተት ግን ይተርፋል። ይህ የተረፈው ወተት ዋጋ ካልተሰጠው ቅቤ ማምረት ሁልጊዜ አክሳሪ ሆኖ ይታያል፣ በእርግጥም የሚደፋ ከሆነ አክሳሪ ነው። ስለዚህ ቅባቱ ዝቅ ያለ እርጎ ልትሠሩበት ትችሉ እንደሆነ፣ ወይም ለከብትና ለአሳማ አርቢዎች ለመኖነት የሚሸጥ እንደሆነ አጣሩ። የአይቡም አጓት እንዲሁ ነው፤ ከወተቱ መጠን ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው እሱ ነውና ወደ ፍሳሽ ሲለቀቅ ገንዘብ ከማጥፋቱም ሌላ ውኃን ክፉኛ ይበክላል።

ስለ ተመላሽ ምርት በደብዳቤዎ ምንም አልገለጹም፤ ነገር ግን እርጎ እያመረተ ተመላሽ የሌለበት ድርጅት አላውቅም። ከላይ ባለው ስሌት 100 ሊትር እርጎ 250 ያተርፋል። ከእነዚህ ውስጥ 8ቱ ቀናቸው አልፎ ወይም ኮምጥጠው ቢመለሱ የሚጠፋው ገቢ 128 ነው፤ ከመቶ ስምንት ብቻ ተመልሶ ከትርፉ ከግማሽ በላይ ይሄዳል ማለት ነው። በመሆኑም ተመላሹ ከየትኛው ገዢ፣ በየትኛው ቀን ከተመረተው፣ በምን ምክንያት እንደመጣ የሚመዘገብበት ደብተር በማቀነባበሪያው በር ላይ ይኑር። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ሆኖ ይገኛል፦ ገዢው ከሚሸጠው በላይ አዟል፣ በመጓጓዣና በሱቅ ውስጥ ቅዝቃዜው ተቋርጧል፣ ወይም ምርቱ ከመነሻው ደካማ ነበር።

ለሦስተኛው መድኃኒቱ ያለው በጋጣው ውስጥ ነው። ወተቱ እንደታለበ ፈጥኖ ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልወረደ ተሕዋስያኑ በፍጥነት ይራባሉ፤ በኋላ በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ፓስቸራይዝ ቢደረግም ብዙዎቹን ይገድል እንደሆነ እንጂ የተበላሸውን ጣዕም አይመልሰውም። በጡት በሽታ ምክንያት አንቲባዮቲክ የተሰጣት ላም ደግሞ መድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የመከልከያ ቀን እስኪያልፍ ድረስ ወተቷ ከሌላው ጋር መቀላቀል የለበትም፤ የአንዲት ላም ወተት የእርሾውን ባክቴሪያ ገድሎ የዕለቱን እርጎ በሙሉ ሳይረጋ ሊያስቀረው ይችላል፣ ለጠጪውም ጤና ጎጂ ነው። እንዲህ ያለችው ላም እግሯ ላይ ምልክት ይታሰርላት፤ በመጨረሻም ትታለብ።

አሁን ወደ ትልቁ ገዢ እንመለስ። የጠየቀው የ10 በመቶ ቅናሽ ትንሽ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። በምሳሌያችን 16 የነበረው ዋጋ 14.4 ሲሆን ትርፉ ከ2.5 ወደ 0.9 ይወርዳል፤ የቀድሞውን ትርፍ ለማግኘት ብቻ ለዚህ ገዢ የምትሸጡት እርጎ ወደ 3 እጥፍ መጠጋት አለበት። ገዢው በምን ያህል እንደሚጨምር በቁጥር ነግሯችኋል? ካልነገራችሁ እናንተ የምትሰጡት ቅናሽ ዛሬውኑ የሚጸና ሲሆን እሱ የሚሰጠው ተስፋ ብቻ ነው። የ45 ቀኑ ዱቤ ከቅናሹ ይልቅ ያሳስበኛል። በቀን 100 ሊትር እርጎ ብታስረክቡት የመጀመሪያው ክፍያ እጃችሁ ከመግባቱ በፊት 4,500 ሊትር በእሱ ዘንድ ይከማቻል፤ ላሞቹ ግን በእነዚያ 45 ቀናት ውስጥ በየዕለቱ ይበላሉ። መኖ በአብዛኛው የወተት እርባታ ከጠቅላላው ወጪ ከግማሽ በላይ የሚሆን ወጪ ስለሆነ የመኖ ነጋዴው በሳምንት እየጠየቃችሁ ገዢው በወር ተኩል የሚከፍላችሁ ከሆነ ሽያጩ ባደገ ቁጥር ጉድለቱም አብሮ ያድጋል። በመዝገብ ላይ ሀብታም፣ በእጅ ግን ባዶ መሆን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ዓይነት ነው። ሽያጫችሁ እጥፍ ሆኖ ሳለ የመኖ ዕዳ የሚያስጨንቃችሁ በዚህ ምክንያት ሊሆን ስለሚችል ዛሬ በዱቤ ያለውን ገንዘባችሁን ከየገዢው ደምሩና ከመኖው ዕዳ ጋር አስተያዩት።

እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን ገዢውን አላባርረውም፤ ግማሽ ምርት የሚወስድ ሰው በአንድ ቀን አይተካም። ይልቁንም በጽሑፍ መልስ እሰጠው ነበር። ቅናሹ የሚታሰበው በወር ከተወሰነ መጠን በላይ ለሚወስደው ተጨማሪ እርጎ ብቻ እንዲሆን፣ ክፍያው ከ14 ቀን እንዳያልፍ፣ ያለፈው ርክክብ ሳይከፈል አዲስ እንዳይላክ፣ ራሱ ከልክ በላይ አዝዞ ጊዜው ያለፈበትን ምርት ደግሞ ራሱ እንዲሸከም ሐሳብ አቀርብለታለሁ። እንዲህ ካለው ድርድር በኋላ የቀድሞው ውል ቢጸና እንኳ አትርፋችኋል። ጎን ለጎንም ከዚህ ገዢ ጋር ያላችሁ ድርሻ በዓመት ጊዜ ውስጥ ወደ አንድ ሦስተኛ እንዲወርድ ሥሩ፤ ዛሬ የመደራደር አቅም ያሳጣችሁ በአንድ ሰው ላይ ይህን ያህል መደገፋችሁ ነው። አነስተኛ ቸርቻሪዎች፣ ምግብ ቤቶች፣ የሠራተኛ መመገቢያዎችና በቀጥታ ከደጃችሁ የሚገዙ ቤተሰቦች በተናጠል የሚወስዱት ትንሽ ቢሆንም ቶሎ ይከፍላሉ። እነዚህን የሚያቆያቸው ከማስታወቂያ ይልቅ የዛሬው እርጎ ጣዕምና ውፍረት ከባለፈው ሳምንቱ ጋር አንድ መሆኑ ነው። የወተት ቅባት በመኖውና ላሟ ከወለደች ባስቆጠረችው ጊዜ ስለሚለዋወጥ ቅባቱን እየለካችሁ ማስተካከል፣ የእርሾውንም መጠንና ሙቀት በጽሑፍ መወሰን ያስፈልጋችኋል።

የባለቤትዎን የብድር ሐሳብ በመጨረሻ ያስቀመጥኩት ንቄው አይደለም። ሥራውን የማሳደግ ፍላጎታቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን በደብዳቤዎ መጀመሪያ ላይ እንደዋዛ የጻፉት አንድ ነገር ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል፤ ከ18ቱ ላሞች የሚታለቡት 12 ብቻ ናቸው። አንዲት ላም በየዓመቱ ብትወልድ 305 ቀን ያህል ታልባ ለ60 ቀን ትነጥፋለች፤ በዚህ ስሌት ከ18 ላሞች በማንኛውም ቀን 15ቱ መታለብ ይገባቸዋል። 12 ብቻ የሚታለቡ ከሆነ፣ ይህም የአንድ ሰሞን አጋጣሚ ካልሆነ፣ ላሞቻችሁ የሚወልዱት በአማካይ በ15 ወር አንድ ጊዜ ነው ማለት ነው። ከሚገባው በላይ ሦስት ላሞች ወተት ሳይሰጡ መኖ እየበሉ ነው። ከብድሩ 10 ላሞች ሦስቱ ያለ ወለድ በጋጣችሁ ውስጥ ቆመዋል።

ችግሩን ሳታርሙ አዳዲስ ላሞችን ብታመጡ እነሱም በተራቸው እንዲሁ ይሆናሉ። ከዚህም በላይ የላም ወተት ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው ከወለደች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እየቀነሰ ይሄዳል፣ የብድሩ ወርኃዊ ክፍያ ግን አይቀንስም። 10ሩም በአንድ ሰሞን የወለዱ ሆነው ቢገዙ ደግሞ ለጥቂት ወራት ገበያ የማይበቃው ወተት ይትረፈረፋል፤ ቆይቶም ሁሉም በአንድነት ይነጥፋሉ። የሦስት ወሩ መዝገብ እርባታውም ማቀነባበሪያውም እንደሚያተርፉ ካሳየ አበዳሪው ዘንድ ያንኑ መዝገብ ይዛችሁ ሂዱ፤ ላሞቹንም በተለያየ ወር የሚወልዱ አድርጋችሁ በሁለትና በሦስት ዙር ግዙ፤ ማሽኑ ያለው ማሽን ሙሉ ቀን ሠርቶ አልበቃ እስኪል ይቆይ።

ስለ ነጠፉት ስድስት ላሞች ግን ሦስት ወር አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት የእንስሳት ሐኪም ጠርታችሁ የትኛዋ እንዳረገዘችና የትኛዋ ባዶ እንደሆነች አስመርምሩ፤ የእያንዳንዷ የመጨረሻ የወሊድና የተዳቀለችበት ቀን በጋጣው ግድግዳ ላይ በሚታይ ሰሌዳ ይጻፍ። ላም ከወለደች 85 ቀን ገደማ ውስጥ ካረገዘች፣ እርግዝናዋ 280 ቀን ያህል ስለሚወስድ፣ በዓመቷ ትወልዳለች። የድራት ጊዜዋ፣ ማለትም ኮርማ የምትፈልግበት ወቅት፣ አንድ ቀን እንኳ የማይሞላ ሲሆን ካመለጠ ደግሞ የሚመለሰው ከ21 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ጠዋት፣ ማታና ከመኝታ በፊት ላሞቹን ለግማሽ ሰዓት ቆሞ የሚመለከትና ያየውን በሰሌዳው ላይ የሚጽፍ አንድ ሰው መድቡ፤ ባለቤትዎ ለሥራው ካላቸው ትጋት አንጻር ይህን ኃላፊነት ቢወስዱ መልካም ይመስለኛል፤ እርስዎም የማቀነባበሪያውን መዝገብ ይያዙ።